ለማሽን የሚነገር መርዶ

የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ "ደረሰ ወይ" እያለ ይጠራታል። በስሟ የሚጠራት ቢኖር የቤቷ ሰው ብቻ ነው። ወጣት ሳለች እዚያው ተላላኪ ነበረች። የደም ምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪ ወደ አልጋ ክፍል፣ የመድኃኒት ማዘዣ ከሐኪም ወደ ፋርማሲ ስትሮጥ ጫማ አይበረክትላትም ነበር። ያኔም ቢሆን ወረቀቱን ሰጥታ ዞር አትልም፤ ተቀባዩ ዓይኑን እስኪጥልበት በሩ ላይ ትቆማለች።

ኮምፒውተር ሲገባ "በቃ፣ የሷ ነገር አበቃለት" ተባለ። አላበቃም። የላቦራቶሪው ፕሮግራም የሚያውቀው የራሱን ቋንቋ ነው፤ የፋርማሲውም የራሱን። እንዲግባቡ መልእክቱ በአንድ ደንብ እንዲጻፍ ተደረገ፤ መጀመሪያ ላኪው፣ ቀጥሎ ተቀባዩ፣ ከዚያ ሕመምተኛው፣ በመጨረሻ የሆነው ነገር። አንዲት ነገር ከቦታዋ ዝንፍ ካለች ተቀባዩ አይሰማም። የሰማ ደግሞ "ደርሶኛል" ብሎ መመለስ አለበት። እሷ ይህን መልስ "አቤት" ትለዋለች፤ ተጠርቶ አቤት ያላለ ሰው አልሰማምና። መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ ተጠርቶ ዝም ያለውን መጠበቅ ሥራዋ ሆነ። ዝም ያለ ካለ ስልክ አንስታ "ደረሰ ወይ?" ትላለች። ቤቷም እንዲሁ ናት። ልጇ "እማዬ እኮ ጨው አቀብዪኝ ብላ እንኳ አቤት ካላልኳት ከጓዳ ትደውልልኛለች" እያለች ታሾፍባታለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ በሯን አንኳኩ። አናጢ ናቸው፤ ጥፍራቸው ሥር ሙጫ ደርቋል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው የሴት ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የቀጠሮ ክፍል ሰዎች ናቸው ወደ እሷ የመሯቸው። ስልኩ ላይ ያለው መልእክት የሚስታቸውን ስም ጠርቶ፣ ነገ የልብ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ እንዳላቸው ያስታውሳል። ሚስትየው ግን ክረምቱ ሳይገባ፣ ቤታቸው አልጋቸው ላይ አርፈዋል።

"ባለፈውም ጠርተዋት ነበር፤ ዝም አልኩ" አሉ። "አሁን ደግሞ ጠሯት። ትመጣለች ብለው ነው ልጄ?"

ነገሩ ወዲያው ገባት። ሰው ሆስፒታል ውስጥ ሲሞት የአልጋ ክፍሉ አንድ መልእክት ይልካል፤ ሌሎቹ ሁሉ ይሰማሉ። ቤቱ ለሞተ ግን የሚልክለት የለም። ጎረቤት አልቅሷል፣ ዘመድ ቀብሯል፤ ለቀጠሮው ፕሮግራም ግን መርዶውን የነገረው አልነበረም። እሱም ያልመጡበትን ቀጠሮ ወደፊት እየገፋ ይጠራቸዋል።

ሐኪማቸው ዘንድ ደውላ መዝገቡ የሚስትየው መሆኑን አረጋገጠች። የመርዶውን መልእክት በደንቡ መሠረት ኮምፒውተሩ ላይ ራሷ ጻፈች። ልትልከው ስትል ሽማግሌው መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ።

"ይህን ስትልኪ ስሟ ይጠፋል?"

"አይጠፋም አባባ። የታከሙት ሁሉ እንዳለ ይቀመጣል። መጥራት ብቻ ነው የሚተዉት።"

መዳፋቸውን ከጠረጴዛው አላነሡም። ኋላ ላይ፣ በዚህ ስልክ የሚስታቸውን ስም የሚያመጣው ይህ መልእክት ብቻ እንደቀረ ነገሯት። ሲመጣ ቀኑን ሙሉ ያውካቸዋል፤ ቢቀር ደግሞ ምን እንደሚውጣቸው አያውቁም። እሷ በሥራ ዘመኗ መልእክት በእጇ ይዛ ቆይታ አታውቅም። ያን ቀን ያዘችው። ወንበር አቀረበችላቸው።

"በሕይወት ሳለችም አንዴ ስጠራት አቤት ብላኝ አታውቅም" አሉ፣ ከንፈራቸው ፈገግ ብሎ። "ስደጋግምባት 'ደግሞ ምን ሆንክ?' ትለኛለች። አሁን ብደጋግምም አትለኝም።" ስልኩን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። "በይ ላኪው። ለፍታ ያረፈችን ሰው በየጊዜው መቀስቀስ ደግ አይደለም።"

ላከችው። የቀጠሮ ክፍሉ መለሰ። ላቦራቶሪው መለሰ፣ ራጅ ክፍሉም ተከተለ። አንዱ በመለሰ ቁጥር አረንጓዴ መስመር ብቅ ይላል፤ ሽማግሌው ለእያንዳንዱ አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ለቅሶ ደራሽ እንደሚቀበል ሰው። ፋርማሲው ግን ዝም አለ።

ስልክ ማንሳት ትችል ነበር። ተነሣችና "ይምጡ አባባ፣ እዚያስ አብረን እንንገር" አለቻቸው። በሩጫ የምታውቀውን ኮሪደር በሳቸው እርምጃ ሄደችው።

ከፋርማሲው መስኮት ጀርባ፣ መደርደሪያው ላይ፣ የሚስታቸው ስም የተለጠፈበት የመድኃኒት ከረጢት ተቀምጧል። ፋርማሲስቷ ሽማግሌውን ስታይ ፊቷ በራ፤ እጇን ወደ ከረጢቱ ሰደደች።

"እማማ ጠፉብኝ እኮ። ደኅና ናቸው?"

አብራቸው የመጣችው ደረሰ ወይ መርዶውን ልትነግራት አፏን ስትከፍት ሽማግሌው ቀደሟት።

"ሞታለች" አሉ።

ከቀብሩ ወዲህ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። እስካሁን ለሰው ሁሉ የሚናገሩላቸው ልጆቻቸው ነበሩ። ፋርማሲስቷ እጇ ከረጢቱ ላይ እንዳለ ቀረች። "ነፍስ ይማር" አለች በስተመጨረሻ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። "ሳልሰማ!"

ከረጢቱን ሽማግሌው ተቀበሏት። ስሙ ያለበትን ወረቀት ሙጫ በደረቀበት ጥፍራቸው ቀስ ብለው፣ ሳይቀደድ ልጠው አነሡት። ስልኩ ጀርባ ላይ ለጥፈው በአውራ ጣታቸው ዳር ዳሩን ጠበቅ አደረጉት። ከረጢቱን መለሱላት።

ደረሰ ወይ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ እንደ ድሮዋ። ሽማግሌው ስልኩን ኪሳቸው ከትተው ወደ እሷ ዞሩ።

"አሁን ሁሉም ሰሙ?"

"ሁሉም ሰሙ አባባ።"

"እንግዲያው ልሂድ" አሉና ደረጃውን ያዙ። ከዓይኗ እስኪጠፉ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።