ጭስ ላይ የሰቀልኩት ዋንዛ

ቢቸና ውስጥ አናጢ ነኝ። ቁምሳጥንና አልጋ ስሠራ እጄ አሳፍሮኝ አያውቅም። ያሳፈረኝ አፌ ነው፤ እሱም በጊታር ምክንያት።

በየሰርጉ የሚጫወት አንድ ጓደኛ አለኝ። የኤሌክትሪክ ጊታሩ ከአይሱዙ ላይ ወድቆ ገላው ለሁለት ተከፈለበት፤ አንገቱና ድምፅ የሚቀበሉት ማግኔቶች ተረፉ። «አንተ አናጢ አይደለህ? ገላውን ሥራልኝ እንጂ፤ ጥር ደረሰ እኮ» አለኝ። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ጥር ካመለጠው ዓመቱን ሙሉ እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ነው። የጊታሩን ስባሪ ገልበጥ አድርጌ አየሁት። ጠፍጣፋ ጣውላ ነው፤ ምን አለው? አልኩ። ትዕቢት ነበር።

እንጨቱን ሞጣ ሄጄ ከአንድ ሙስሊም ሽማግሌ አመጣሁ። ከአባታቸው በወረሱት መጋዘን ዋንዛ እያደረቁ ይሸጣሉ፤ እንጨቱ የእሳቸው ነው ከተባለ በእኛ አገር ማንም አናጢ ደግሞ አይጠይቅም። ሁለት ክረምት በጥላ ያላለፈውን ለማንም አይሰጡም። ለእኔ የመረጡትን በጣታቸው አንጓ አንኳኩተው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ይኸ ይሆንሃል። እሳት ብቻ እንዳታሳየው፣ ልጄ» አሉኝ።

«እሺ አባባ» አልኩ።

እኔ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነኝ። በእኛ ቤት ሞፈርና ቀንበር ተጠርቦ ሲያልቅ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ይሰቀላል፤ ጭስ የጠገበ እንጨት አይነቅዝም፣ አይሰበርም ይባላል። የሽማግሌውን ምክር የነጋዴ ጥንቃቄ ነው ብዬ ናቅሁት። ገላውን በቅርጹ ቆርጬ፣ ለማግኔቶቹ በመሮ ጉድጓድ አውጥቼ፣ እናቴ ማድቤት ቆጡ ላይ ሁለት ሳምንት አኖርኩት። ሞፈር ድፍን ግንድ ነው፤ የእኔው መሃሉ የተቦረቦረ ጣውላ ነው፤ ይህን ማሰብ አቃተኝ። ሳወርደው ጠመም ብሎ ነበር፤ በመላጊያ አቃናሁት። ጥላሸቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አጠፋሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ጓደኛዬ መጥቶ አንገቱን ገጠምን፤ አብረውት የሚጫወቱት ከበውን ክሩን ስንወጥር ጧ አለ። ስንጥቁ ከጉድጓዱ ተነሥቶ አንገቱ ሥር ደረሰ። ሁሉም እኔን አየ። ምክንያቱ ወዲያው ገብቶኝ ነበር፤ ይህን ልክድ አልችልም። አፌ ግን «የሞጣው እንጨት እርጥብ ነበር» አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እኔ ነኝ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ጓደኛዬ በተውሶ ጊታር ሞጣ ሰርግ ሄዶ ወሬውን እዚያው አደረሰው። በሳምንቱ ሽማግሌው በጠዋት መኪና ቢቸና መጡ፤ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ሌላ ጣውላ ታቅፈዋል። ሱቄ በር ላይ ቆመው፣ የልጃቸውን እኩያ እኔን፣ «በሰው ፊት አዋረድኩህ አሉ። ዐፉ በለኝ» አሉኝ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «ኧረ ምንም አይደል አባባ፣ ያጋጥማል» አልኩ። እኔ ይቅር አልኳቸው! ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

«እስቲ የተሰነጠቀውን አሳየኝ፤ የቱ ላይ እንደሳትኩ ልየው።»

«ማገዶ ሆነ» አልኳቸው። የተሰነጠቀው ግን ከቆሙበት ሁለት እርምጃ ላይ፣ ከበሩ ኋላ ጆንያ ለብሶ ቆሟል። ሻይ ጠጥተው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

ሁለተኛውን ጣውላ ከጥላ ሳላወጣ ሠራሁት። ክሩ ተወጠረ፤ ምንም አልሆነም። ጓደኛዬ በየዳሱ «የሠራው ይኸ ነው!» እያለ ያስጨበጭብልኛል፤ በተጨበጨበልኝ ቁጥር ተነሥቼ መውጣት ያምረኛል።

ዓመት ቆይቼ፣ ነገሩ ሲከብደኝ ሞጣ ሄድኩ። መጋዘኑ ውስጥ አንድ ጣውላ የለም፤ የተከራይ ሲሚንቶ ሞልቶታል። የነገረችኝ ሴት ልጃቸው ናት። «አባቴ ተዉት እኮ። እጄ አረጀ፣ እርጥቡን ከደረቁ መለየት አቃተኝ፣ ሰው አላታልልም ብለው የቀረውን ለዳቦ ቤት ማገዶ ሰጡት» አለች።

እሳቸው ከመጋዘኑ አጠገብ፣ በቤታቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ቆጡንም፣ ጭሱንም፣ ከበሩ ኋላ የደበቅሁትንም ነገርኳቸው። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ቢመቱኝም ደስ ባለኝ። እሳቸው እጄን ያዙ።

«ደረቅ ነበር?»

«አዎ አባባ።»

«እርግጠኛ ነህ? ጨርሶ ደርቆ ነበር?»

«ደርቆ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ፊታቸው በራ። ወደ ውስጥ ዞረው ልጃቸውን ተጣሩ፤ «ሰማሽ? አልተሳሳትኩም! ደርቆ ነበር!» እንባቸው በጢማቸው እየወረደ፣ ትከሻዬን ተደግፈው ተነሡና ወደ መጋዘኑ ሁለት እርምጃ ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ የሲሚንቶውን ክምር አዩት። ተመልሰው ተቀመጡ።