«እናትህ ብቻዋን ሳለች እንዳትከፍተው»

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ታላቅ ወንድሜ ታከለ ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ለጥቂት በገዛ ጣቴ ልሰርዘው ስለነበር ነው። አማርኛ መጻፍ የተማርኩት በቅርቡ ስለሆነ አጭር አጭር አድርጌ እጽፋለሁ። አንባቢ ይታገሠኝ።

የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ረሆቮት በምትባል ከተማ ነው፤ ወላጆቻችን ከኢትዮጵያ መጥተው እኔና ታከለ እዚሁ ተወለድን። አባታችን ቀደም ብሎ አርፏል። ታከለ ከሞተ ወዲህ እቤት የቀረነው እናቴና እኔ ነን። የሞተው በመኪና አደጋ ነው። ስልኩም አብሮት ደቀቀ። በጦር ሠራዊትም በሥራም በዕብራይስጥ ስሙ ኤሊ ብለው ነበር የሚጠሩት። ታከለ የቤት ስሙ ነው።

እናቴ የምትይዘው ቁልፍ ያለው አሮጌ ስልክ ነው፤ የድምፅ መልእክት አይቀበልም። ለእኔ ደግሞ ታከለ ጽሑፍ ብቻ ነበር የሚልክልኝ፣ ያውም በዕብራይስጥ። ፎቶ ሞልቶናል። ድምፁ ግን የለንም።

ከለቅሶው በኋላ እናቴ ከእኔ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ድምፁን የያዘ ነገር ፈልግልኝ» ትለኛለች። «ፊቱ አለ። ድምፁ ግን እየሄደብኝ ነው።»

ጓደኞቹን ሁሉ ጠየቅሁ። ከአንዱ የሠርግ ቪዲዮ አገኘሁ። ታከለ ሲናገር ይታያል፣ ነገር ግን ሙዚቃው ጮኾ ከንፈሩ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። እናቴ አንድ ጊዜ አየችው። ሁለተኛ አላለችም።

አንድ ቀን በምሠራበት መጋዘን፣ በምሳ ሰዓት፣ ስልኬ ላይ ኢሜይል እየፈለግሁ ነበር። የፈለግሁት ሲጠፋብኝ የማይረቡ መልእክቶች የሚጣሉበትን ቦታ ከፈትኩ። እዚያ መሃል አንድ መልእክት አየሁ። ርእሱ በዕብራይስጥ «ታከለ» ይላል።

ላኪው ስም የለውም፤ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። ከላይ ቀይ መስመር አለ፤ «ይህ መልእክት አጠራጣሪ ነው፤ ሊንኩ ተዘግቷል» ይላል። ጽሑፉ በዕብራይስጥ ነው። ዕብራይስጡ ግን የተሰባበረ ነው። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነበር፦

«ሰላም ለአንተ የታከለ ወንድም። የታከለ ድምፅ እኔ ጋ አለ። ለእናቱ ነው። እናትህ ብቻዋን ሳለች እንዳትከፍተው። ሰዎች ይኑሩ። ጠዋት ይሻላል። ቦታው ሊዘጋ ነው፣ ቶሎ ይሁን።»

ከታች ሊንኩ አለ። በአማርኛ ፊደል ነው የተጻፈው። ያን ጊዜ አንዱንም ማንበብ አልችልም ነበር። ስነካው ምንም አልሆነም። ደግሜ ነካሁት።

አብሮኝ የሚሠራ ሺሞን የሚባል ልጅ አለ። እሱም እንደኔ እዚሁ አገር የተወለደ ነው። ኮምፒዩተር ስለተማረ ሁላችንም የተበላሸ ነገር ሲኖር ወደ እሱ እንሄዳለን። አሳየሁት።

«አሒ፣ ይሄን አትንካው» አለኝ፤ አሒ በዕብራይስጥ ወንድሜ ማለት ነው።

«የቤት ስሙን ያውቃል እኮ።»

«የለቅሶው ማስታወቂያ ላይ ሁለቱም ስም አልነበረም? እኔ ራሴ ፌስቡክ ላይ አውጥቼዋለሁ። ሌባም ፌስቡክ አለው።»

ጣቱን ሊንኩ ላይ አሳርፎ ያዘው። ከሥሩ ሌላ አድራሻ ብቅ አለ፤ አጭር፣ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል።

«አየህ? ላዩ ሌላ፣ ታቹ ሌላ። የተዘጋው ለዚህ ነው። ስም የለው፣ ዕብራይስጡ የተሰበረ፣ ቶሎ በል ይልሃል፣ ከእናትህ ተደበቅ ይልሃል። ሌላ ምን ቀረው? መታወቂያውን ይላክልህ?»

«ተደበቅ አይልም። ብቻዋን ሳለች አትክፈተው ነው የሚለው። ሰዎች ይኑሩ ይላል።»

«ይኑሩና ሁላችሁንም አንድ ላይ ይዝረፋችሁ።» ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «አሒ፣ ሰው ሲያዝን ነው የሚያጠቁት። ሰርዘው።»

እውነቱን ነበር። በሥራ ቦታም ስለዚህ ነገር አስጠንቅቀውናል። ግን አልሰረዝኩትም። እዚያ ቦታ ያለ መልእክት ከጊዜ በኋላ ራሱ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ይጥፋ ብዬ ልተወው አሰብኩ። እሱንም አልቻልኩም።

ማታ እቤት በኮምፒዩተሩ ሞከርኩ። መልእክቱን ከዚያ አውጥቼ ከሌሎቹ ጋር አደረግሁት። ቀዩ መስመር ጠፋ፣ ሊንኩም ሰማያዊ ሆነ። ተጫንኩት። ወዲያው መላው ገጽ ቀይ ሆነ፤ «ይህ ቦታ አደገኛ ሊሆን ይችላል» አለኝ። ትልቅ «ተመለስ» የሚል ቁልፍ አለ። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ቢሆንም ቀጥል» ይላል። የእናቴን የባንክ ነገር የምጨርስላት በዚሁ ኮምፒዩተር ነው። እጄን አነሳሁ።

«ምን አገኘህ?» አለችኝ እናቴ ከበሩ ላይ።

«ምንም።»

«ለምንም እንደዚህ አይቀመጡም።»

ዘጋሁት።

በማግስቱ ለላኪው መልስ ጻፍኩ። ማን ነህ፣ ታከለን እንዴት ታውቀዋለህ፣ ድምፁን ከየት አመጣኸው አልኩ። በጨዋ ደንብ አልጻፍኩም። መልሱ በዚያው ቀን መጣ፦

«በጽሑፍ አይሆንም። በአፍ ነው። ስልክህን ስጠኝ። መጀመሪያ ይህን ንገረኝ፣ እናትህ ገብቷታል? ካልገባት አትክፈት።»

ሺሞን አንብቦ ጭንቅላቱን ያዘ። «እናትህ ገብቷታል? ምን ማለት ነው? ይሄ ሰው ሳይሆን ማሽን ነው። ማሽን ነው የተረጎመው።»

ለእኔም እንደዚያ መሰለኝ። ያስፈራኝ ግን ሁለት ጊዜ ስለ እናቴ መጻፉ ነው። እኔን ሳይሆን እሷን የፈለገ መሰለኝ። ተናደድኩ። ስልኬን አልሰጥም፣ እውነተኛ ከሆንክ በቀን፣ ሰው ባለበት እንገናኝ ብዬ ጻፍኩ። ሌባ ከሆነ ይቀራል ብዬ ነው። «ቤሰደር፣ እሺ። ሄርዝል ጎዳና እመጣለሁ» የሚል መጣ።

ሄርዝል ጎዳና ላይ አንድ ባንክ ደጃፍ ቀጠርኩ፤ ዘበኛ ስላለ ነው። ሺሞን «ብቻህን አትሄድም» ብሎ መጣ። ከማዶ የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመ። ደመና ሆኖ ሳለ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ያየው ሰው ሁሉ ሌባው እሱ ነው ሊል ይችላል።

ከአውቶቡስ የወረዱት አንዲት ሴትዮ ናቸው። ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ሻሽ አስረዋል፤ አንገታቸው ላይ የሙአለሕፃናት ሠራተኛ መታወቂያ ተንጠልጥሏል። ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«የታከለ ወንድም ነህ። አቋቋማችሁ አንድ ነው» አሉኝ በአማርኛ።

እኔም በአማርኛ ነው የመለስኩት። ከእናቴ ጋር የምንነጋገረው በአማርኛ ስለሆነ መናገሩን አላጣሁትም። ግን አላመንኳቸውም። «ይቅርታ፣ መታወቂያዎን ያሳዩኝ» አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለትልቅ ሰው ተናግሬ አላውቅም።

አልተቆጡም። ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ። ዘነበች ይላል። የሚኖሩት በአቅራቢያችን ባለችው በቤኤር ያዕቆብ ከተማ መሆኑን ነገሩኝ። መታወቂያውን አንብቤ መለስኩላቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«እናትህ ተረድተዋል ወይ?»

«ምኑን ነው የምትረዳው? ሊንኩን?» አልኩ።

ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ታከለን» አሉ። «ታከለን ተረድተዋል ወይ? ነው ወይስ ደብቃችኋቸዋል?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መርዶ ነው የሚሉት። በእኛ ቋንቋ መርዶ የተነገረው ሰው ተረዳ ይባላል። እሳቸው ያንን ቃል ወደ ዕብራይስጥ ሲመልሱት «ገብቷታል?» ሆነ። በዕብራይስጥ ደግሞ ያ ቃል ማወቅ፣ መገንዘብ ብቻ ነው። ሞት የለበትም።

ሌላውም በአንድ ጊዜ ተገለጠልኝ። ብቻዋን ሳለች አትክፈተው፣ ሰዎች ይኑሩ፣ ጠዋት ይሻላል። ለእናቴም መርዶው የተነገራት እንደዚያው ነው። አጎቴና ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ። እኔ ራሴ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። በአማርኛ ቢጻፍልኝና ማንበብ ብችል በመጀመሪያው መስመር አውቀው ነበር። በዕብራይስጥ ግን የሌባ ቃል ሆነብኝ።

«ተረድታለች» አልኩ። «ከተረዳች ቆየች።»

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ። ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «እኔ የሰማሁት በቅርቡ ነው። ታከለ፣ እናቴ ልቧን ያማታል ብሎኝ ነበር። ልጅሽ ሩቅ አገር ሄዷል ብለው ሞቱን የደበቋት ሌላ እናት አውቃለሁ። ታዲያ በምን አፌ ታከለ ሞተ ብዬ ልጻፍ? መርዶ በኮምፒዩተር ይላካል እንዴ?»

ወይዘሮ ዘነበች ማታ ማታ በቤኤር ያዕቆብ መትናስ፣ በሰፈሩ አዳራሽ ማለት ነው፣ እዚህ ለተወለዱ ልጆች የአማርኛ ፊደል ያስተምራሉ። ታከለ ተማሪያቸው ነበር። እኛን ግን «ተጨማሪ ሥራ አለኝ» ነበር የሚለን። ወይዘሮ ዘነበችም ምስጢሩን ጠብቀው በኢሜይሉ አስተማሪው ነኝ አላሉም። ክፍሉ የንባብ ልምምዱን እየቀዳ ያስቀምጣል። ታከለ የእኔን ኢሜይል ሰጥቷቸው ኖሯል፤ ንባቤ ሲስተካከል ለወንድሜ ይላኩለት፣ እሱ ለእናቴ ያሰማታል ብሎ። አሁን ኮርሱ አልቆ የተቀዳው ሁሉ የተቀመጠበት የኢንተርኔት ቦታ ሊዘጋ ነው።

ሺሞን መታገሥ አቅቶት መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ይሄ ደግሞ ማን ነው?» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

«ጓደኛዬ ነው። ሊጠብቀኝ ነው የመጣው።»

«ከእኔ?» ከላይ እስከ ታች አዩት። «በል መነጽርህን አውልቅና ይህን ሊንክ አስተካክል።»

ሺሞን መነጽሩን አወለቀ። ስልካቸውን ተቀብሎ አየ። እሳቸው ፋይሉን በአማርኛ «ታከለ ሲያነብ» ብለው ነው የሰየሙት። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ፊደላችንን ሊንክ ውስጥ ሲያስገባው እያንዳንዱን ፊደል ወደ ፐርሰንት ምልክትና ቁጥር ይለውጠዋል። ሁለት ቃል ግማሽ ገጽ ሞላ።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ። «አስቀያሚ ሆነብኝ። አንዷ ተማሪ ሊንክ በሚያሳጥር ቦታ አሳጠረችልኝ።»

«እሱ ነው የተዘጋው» አለ ሺሞን። «ያንን ማሳጠሪያ ሌቦችም ስለሚጠቀሙበት ኢሜይሉ አላመነውም።» ማሳጠሪያውን ተወና ፋይሉን ከተቀመጠበት ቦታ በቀጥታ ወደ እኔ ኢሜይል ላከው። ስልኬ ጮኸ። ከፈትኩት። ፋይሉ ነበር። ድምፁን ጎዳና ላይ ልሰማው አልፈለግሁም። ወደ ስልኬም ወደ ሺሞን ስልክም ገልብጠን አስቀመጥነው።

«ለእናትህ እንዴት እንደምታሰማቸው ታውቃለህ» አሉኝ ወይዘሮ ዘነበች።

«አውቃለሁ» አልኩ።

ዓርብ ጠዋት አጎቴንና ሁለት ጎረቤቶች ጠራሁ። ወይዘሮ ዘነበችም መጡ። እናቴ ሰው ሲሰበሰብ ፊቷ ተለወጠ። «ደግሞ ማን ነው?» አለች። ሌላ መርዶ መስሏት ነው። ቶሎ ብዬ እጇን ያዝኩ። «ማንም የለም። የታከለ ድምፅ ነው። ተገኝቷል» አልኳት። ተቀመጠች።

ቀስ እያለ፣ ፊደል በፊደል ነው የሚያነበው። ስለ አንድ ገበሬ የተጻፈ የልጆች ንባብ ነው። «ጠዋት» የሚል ቃል ላይ ሲደርስ «ተዋት» አለ። እዚህ የተወለድን ልጆች ጠ ያስቸግረናል።

«ጠዋት» አለች እናቴ።

ታከለ ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ተዋት» አለ።

«ጠዋት በል እንጂ። ጠ። ጠ።» ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላለች። አጎቴ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ጎረቤቶቹ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ነበር የምትስቀው።

መጨረሻው ላይ የወይዘሮ ዘነበች ድምፅ አለ። «ጎበዝ። ለእናትህ እንላክላት?» ይሉታል። ታከለ ይስቃል። «ገና ነው» ይላል። «ጠ ሲስተካከልልኝ።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች። ሰዎቹ አጠገቧ ነበሩ። ብቻዋን አልነበረችም።

አሁንም የማላውቀውን ሊንክ አልከፍትም። በዚያ ጊዜ በመጠርጠሬም አላፍርም። ሺሞንም ትክክል ነበር እላለሁ። ግን አንዳንዴ «ሰርዝ» የሚለውን ልጫን ስል፣ ያኔ ተጭኜው ቢሆን ኖሮ ብዬ እጄ ይቀዘቅዛል።

እናቴ አሁን በፈለገች ጊዜ ታስከፍተኛለች። ታከለ «ተዋት» ባለ ቁጥር «ጠዋት» ትለዋለች፣ አንድም ጊዜ አታልፈውም። እኔ ሌላ ክፍል ሆኜ ስሰማቸው ሁለቱ የሚጨቃጨቁ ይመስለኛል። ገብቼ አላቋርጣቸውም።