የወንድሜ ማሊያ

የአርመኖቹን ቀይ፣ የግሪኮቹን ሰማያዊ፣ የህንዶቹን ነጭ፣ ሁሉንም ያጠብኩት እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ የማንም ቡድን ሰው አልነበረም። ተከላካይ የጎደለበት ሁሉ ይጠራዋል፤ ማሊያ ያውሱታል፣ ጃን ሜዳ ይጫወትላቸዋል፣ ሰኞ አጥቤ አጥፌ እመልሳለሁ። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ አጥራችን ላይ ማሊያው ተሰጥቶ ባዩ ቁጥር ጎረቤቶች፣ «ዛሬ ደግሞ ከየት አገር መጣህ?» እያሉ ያሾፉበታል። እሱ ይስቃል፤ እኔ እበግናለሁ።

«አንተ የሰው መሙያ ነህ እንዴ?» ስለው፣ «ተይ እትዬ፣ የእኛ ልጆች ቡድን ያቋቋሙ እንደሆን አንድ የማይመለስ ማሊያ ይኖረኛል» ይለኛል። እናታችን አግባ ስትለው እንኳ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ማሊያዬን ላግኝ» ይላት ነበር።

አልቀረም፣ የአራዳ ልጆች ቡድን አቋቋሙ። አንድ ቅዳሜ ወደ ማምሻው ቢጫ ማሊያ ይዘውለት መጡ። የመጀመሪያ ጨዋታቸው በማግስቱ፣ ከአርመኖች ጋር ነበር። ወንድሜ ማሊያውን ደረቱ ላይ ለካው። ፊቱ ሲበራ አየሁት። ከዚያ ቀስ ብሎ መለሰላቸው። ጫማ የሚሰፋበት ቤት ባለቤት አርመን ነው፤ የነሱ ተከላካይ ቢታመም፣ ትናንት ወንድሜ «እኔ አለሁ» ብሎታል።

«ቃል ሰጥቻለሁ። ለሚቀጥለው አልቀርም» አላቸው።

«ለፈረንጅ ደግሞ ምን ቃል አለ?» አለ አጥቂያቸው።

«ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማህም?»

ማሊያውን ይዘው ወጡ። «ምን ዓይነት ግትር ነህ! ስትመኘው ኖረህ!» ብዬ ጮህኩበት። እራቱን ሳይበላ ተኛ።

እሁድ ጃን ሜዳ ሄድኩ። አንድ ለአንድ ሆነው ሊያልቅ ሲል ያ አጥቂ ሁሉንም አልፎ ወንድሜ ፊት ደረሰ። «እመቤቴ፣ ዛሬን ብቻ እግሩን እሰሪልኝ» ብዬ ለመንኩ፤ የገዛ ወንድሜን እግር! እሱ ግን እንደ ልማዱ ልጁን ሳይነካ ኳሷን ብቻ ነጠቀ። ስድቡ ወረደ። እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ «ሆዳም!» እያሉ ተከተሉት።

ከዚያ ወዲያ የአራዳ ልጆች አልጠሩትም። ግሪኮቹ ቢመጡ እምቢ፣ ህንዶቹ ቢመጡ እምቢ አለ፤ የእኛዎቹ ሲመጡ ሌላ ቃል ውስጥ እንዳያገኙት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፍ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ክረምቱ ገባና ተስቦ ያዘው። ትኩሳቱ ሲያቃዠው፣ «ልጆቹ አልመጡም?» ይለኛል። «መንገድ ላይ ናቸው፣ አካሌ» እለዋለሁ። ምን ልበለው! ሳምንት ሳይሞላው ሞተ።

በሠልስቱ እንደ ወጉ የሟች ልብስ ተይዞ ሊለቀስ፣ እናታችን «የኳሱን ልብስ አምጪ» አለችኝ። ሣጥኑን ገለበጥኩት። ምን ይገኛል? ሁሉንም አጥቤ መልሻለሁ! ጋቢውንና የሥራ ሽርጡን ይዤ ስወጣ ያ አጥቂ በር ላይ ቆሟል፤ ቢጫውን ማሊያ አጥፎ ይዞታል።

«እማማ፣ የእሱ ነው። ለሌላ አልሰጠነውም» አለ።

«እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ!» ብዬ ማሊያውን ነጥቄ ፊቱ ላይ ልወረውርለት ስል እናታችን ቀድማ ተቀበለችው። ከፍ አድርጋ ያዘችው። አንድም ቀን ላቡ ያልነካውን ልብስ ይዘን አለቀስንለት።

ሰኞ መጣ። ማሊያውን መልሺ ያለኝ የለም።