ፍሪጁ ቆሞ ይሂድ

ከካዛንቺስ ወደ ሐዋሳ ስንዛወር ተሸካሚዎቹ ፍሪጃችንን አይሱዙው ላይ እንደ በሽተኛ አጋደሙት። ደሜ ፈላ። የሚስቴ ኢንሱሊን የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው።

«አቁሙት፤ ዘይቱ ቱቦው ውስጥ ከፈሰሰ ሞተሩ ይቃጠላል» አልኩ።

«አባባ፣ ፍሪጅ እኮ ነው፣ ታቦት አይደለም» አለኝ አንዱ።

«አንተን አጋድሜ ሐዋሳ ባደርስህስ?»

እያጉረመረሙ አቁመው አሰሩት። አላመንኳቸውም፤ በዚህ ወገቤ ከኋላ ወጥቼ አቅፌው ተጓዝኩ። ሞጆ ላይ ስንቆም ሚስቴ የመድኃኒቷን ፔርሙዝ እንደያዘች ከጋቢና ወርዳ፣ «እኔን በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አላቀፍከኝም» አለችኝ።

ስንደርስ ወንድሟ ለእንግዶች ቢራ ሊያቀዘቅዝ ፍሪጁን ሊሰካ ሲል ገመዱን ነጠቅኩት። «መጀመሪያ ይረፍ» አልኩት። እንግዶቹ የሞቀ ቢራ እየጠጡ አሙኝ። አመሻሽ ላይ ሰካሁት፤ ሲቀዘቅዝም ኢንሱሊኑን በእጄ አስገባሁ። ንዴቴ የበረደው ያኔ ነው።