የበያጁ መሐላ

በያጁን ሰፈሩ በሙሉ «ውሃ ልክ» ይለዋል። የሠራው በር ትንሽ ከዘመመ፣ ባለቤቱ ወዶት እያለ እሱ ቆርጦ እንደገና ይበይደዋል። «ይሄ ሰውዬ ሲሞት ሣጥኑ ዘሟል ብሎ ይነሳል» እያልን እንስቅበት ነበር። እኔ እሱ ዘንድ ብረት ሞራጅ ነኝ። መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም፤ ይሄን ሳልጽፍ ብቀር ግን ይቆጨኛል መሰለኝ።

የበያጁ ልጅ በአንድ ስልክ የተነሳ ከጓደኛው ተጣልቶ በጩቤ ወጋው። ጓደኛው ሞተ።

ጥፋተኛ ተባለ፤ የቀረው ቅጣቱ ነው። በወጋበት ቀን አሥራ ስምንት ካልሞላው የልጆች ማረሚያ ይገባል፣ ከሞላው ከአዋቂዎች ጋር ብዙ ዓመት ይታሰራል። የልደት ወረቀት የለውም። ሐኪሞችም አይተውት ቁርጡን መናገር አቃታቸው። ዳኛዋ «እንግዲያው አባቱ ምሎ ይናገር» አሉ።

ሚስቱ ሥራ ቦታ ድረስ መጣች።

«አንተ ሰው፣ አሥራ ሰባት በል። አንድ ዓመት ብትቀንስ ማን ይሞታል?»

«የሞተውማ ሞቷል» አላት፣ የብየዳ መነጽሩን ሳያወልቅ።

«የአብራክህ ክፋይ እኮ ነው።»

«መቼ ጠፋኝ።»

እኔም ፈራ ተባ እያልኩ «ጋሼ፣ እሷ እውነቷን ነው» አልኩት። ብየዳውን ቀጠለ።

ችሎት ውስጥ የሟች እናት ከፊት ተቀምጣለች። በያጁ ማለ። ልጁ ቀና ብሎ ያየዋል።

«አሥራ ስምንት ሞልቶት ነበር» አለ በያጁ። «ገና ወር አልሆነውም እንጂ ሞልቶት ነበር።»

«ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ?» አሉት ዳኛዋ።

«አውቃለሁ ክብርት ዳኛ። እዚች እናት ፊት ግን ልጄን በውሸት ሕፃን ላደርገው አልችልም።»

ሚስቱ ተነስታ ወጣች። የሟች እናት እንኳ አቀረቀረች። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ ስሞርድ መኖሬን አላውቅም ነበር።

ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

በያጁ በየእሑዱ ምሳ ይዞ እስር ቤት ይሄዳል። ልጁ አይወጣለትም። ምሳ ዕቃውን ጠባቂው ያስገባለታል፣ ሳይከፈት ይመልስለታል። እሱ የጥየቃው ሰዓት እስኪያልቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይመጣል።

ትናንት ሥራ ስንጀምር «ጋሼ፣ አሁንም አልወጣም?» አልኩት።

«አልወጣም» አለ። ጓንቱን አጠለቀ። «ምሳ ዕቃው ግን ታጥቦ ነው የመጣው።»

መበየጃውን አንስቶ ሥራው ላይ ጎንበስ አለ። እኔ ሞረዴን እንደያዝኩ ቆሜ አየሁት።