አምስተኛው የኦሩን ከተማ

ማክሰኞ፣ ጥር 19 ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ላይ፣ ሞሃንዲሲን ውስጥ በአንድ የጨዋታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ መስኮት ይበልጣል የሠራውን ከተማ አየሁ።

ወደ ካይሮ የተመለስኩት ለሌላ ሥራ ነበር። ታክሲ እየጠበቅሁ ፊቴን ወደ መስታወቱ ሳዞር የምግብ ጠረጴዛ የሚያህል ግራጫ ፍርስራሽ ተዘርግቷል። በመካከሉ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሠሩ ሦስት ክብ ግንቦች አሉ፤ ከነሱ ሥር ጠመዝማዛ መንገድ ይወርዳል። ቀለሙ ተላጧል፣ አቧራ ጠጥቷል። ሁለት ታክሲ ቆሞ አለፈኝ።

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት እኔና ይበልጣል ፋይሰል በሚባለው የካይሮ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ያኔ እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ስደተኞች ለሚያዘጋጁት አንድ ድረ ገጽ ዜና እጽፋለሁ። እሱ በዕድሜ ትንሽ ይቀድመኛል። ከጎጃም ትንሽ ከተማ የመጣ፣ የሕንፃ ንድፍ የተማረ፣ ካይሮ ውስጥ ግን ቢሮ እያጸዳ የሚኖር ሰው ነበር።

ያ ሱቅ ከሚያጸዳቸው ቢሮዎች ሥር ነው። ዓርብ ዓርብ የግብፅ ወጣቶች ተሰብስበው የጦርነት ጨዋታ ይጫወቱበታል። እያንዳንዱ ተጫዋች አውራ ጣት የሚያህሉ ወታደሮች ቀለም ቀብቶ ያመጣና ዳይስ እየጣለ፣ በሜትር እየለካ ጠረጴዛ ላይ ያዘምታቸዋል። ታሪኩ የሚካሄደው በሌላ ፕላኔት ነው። ሰው ከመፈጠሩ በፊት ኦሩን የሚባል ሕዝብ ሰባት ከተሞች ሠርቶ ጠፋ። መልካቸውን ያየ የለም፤ የቀረው ከተማቸው ብቻ ነው። ሠራዊቶቹ የሚዋጉት በፍርስራሹ ውስጥ የተቀበረውን ለመውሰድ ነው። በደንቡ መጽሐፍ ላይ የተሳሉት አራቱ ከተሞች ናቸው፤ የሦስቱ ስማቸው ብቻ ተጽፏል። የሱቁ ባለቤት ኡስታዝ ሃኒ አምስተኛውን የሚሠራለት ሰው ይፈልግ ነበር። ይበልጣል ወለል ሲወለውል አራተኛውን አየና፣ በዚህ ደረጃ ሰው መውጣት አይችልም አለው። ሥራውን ያገኘው በዚች ነቀፌታ ነው።

በዚያ የብርድ ወራት ክፍላችን በነጭ ፎም ተሞላ። የፍሪጅ ሻጮች የጣሉትን ከፋይሰል መንገድ እየለቀመ ያመጣል፤ በባትሪ በሚግል ቀጭን ሽቦ ይቆርጠዋል። ፍርፋሪው ፉላችን ውስጥ ሳይቀር ይገባ ነበር። ከሥራ ስመለስ ከጋሪ ላይ የተጠበሰ ስኳር ድንች በወረቀት ጠቅልዬ አመጣለሁ፤ እጁ ሙጫ በሙጫ ስለሚሆን ልጣጩን አንስቼ አጎርሰዋለሁ። ከጣራችን ላይ ፒራሚዶቹ ይታያሉ። ልብስ ስናሰጣ እናያቸዋለን እንጂ ስለ እነሱ አውርተን አናውቅም።

አንድ ቀን ሦስቱን ክብ ግንቦች ሲያቆም አየሁና ይኼ ቤተ ክርስቲያን ነው አልኩት።

«ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ» አለኝ በጣቱ እያሳየ። «ለሃኒ እንዳትነግረው። የኦሩን የኃይል ማመንጫ ነው እያለ ለሰው ሁሉ እያወራ ነው።»

መንገዱም የሀገሩ መንገድ ነበር፤ ከገበያው ተነስቶ ወደ ወንዙ የሚወርደው። የትምህርት ቤቱ አጥር፣ የጠላ ቤቱ መታጠፊያ፣ ሁሉም በየቦታቸው አሉ። በዳርቻው አንዲት ትንሽ ቤት ለብቻዋ አቁሟል። የእናቱ ቤት ናት። በእሷ ነገር ሃኒ ተከራክሮት ነበር፤ በመጽሐፉ መሠረት የኦሩን መኖሪያ ቤት አልተገኘም፣ የት እንደሚተኙም አይታወቅም። ይበልጣል በተሰባበረ ዐረብኛው፣ የማይተኛ ሕዝብ ከተማ አይሠራም አለው። ሃኒ ሳቀ፣ ቤቷም በቦታዋ ቆየች።

እኔ ጥሩ ጽሑፍ ታየኝ። ካይሮ ውስጥ የግብፅ ልጆች የሚዋጉበት የጠፋ ሕዝብ ከተማ፣ ጎጃም ውስጥ ሰው የሚኖርበት ከተማ ሆኖ ተገኘ። ሥራውን ያስተማረኝ አዘጋጅ ግን አንድ ሰው የነገረህን ሁለተኛ ሰው ሳያረጋግጥልህ አትጻፍ ይለኝ ነበር። ይበልጣልን አምነዋለሁ፤ ማመን ግን ማረጋገጥ አይደለም። ስልኩ ስለተሰበረ ሀገር ቤት የሚደውለው በእኔ ነበር፤ የጎረቤታቸው የባለሱቁ የአቶ ሞላ ቁጥር ስልኬ ላይ ቀርቷል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ይበልጣል ሥራ ከሄደ በኋላ፣ ሳላስፈቅደው ደወልኩ።

አቶ ሞላ የጠየቅኋቸውን ሁሉ በትዕግሥት መለሱልኝ። መንገዱ ልክ ነው። አጥሩም ልክ ነው። ቤቷ ወደ ወንዙ ሲወረድ በስተግራ ናት። ከዚያ፣ «ልጁ ሰምቷል እንዴ?» አሉኝ።

እናቱ ካረፉ ሠላሳ ሁለት ቀን ሆኗቸው ነበር። በደወለ ቁጥር ጠበል ሄደዋል ይሉት የነበረው ለካ ለዚህ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ አርባቸው ነበር።

«በስልክ እንዳትነግረው፣ አደራ» አሉ። «የሀገሩን ሰው ሰብስባችሁ በወጉ አርዱት። አርባዋ ሳያልፍ ይስማ። ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም።»

ሁሉንም ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ቀኑንም ጭምር።

መርዶ አንድ ሰው በሆዱ ይዞት የሚዞረው ወሬ አይደለም። የሰማ ሰው በዕለቱ ለትልቅ ሰው ያደርሳል፤ ትልልቆቹ ይመክሩና ሐዘንተኛው ከቤት ሳይወጣ ማለዳ ይደርሱበታል። ካይሮ ላይ ቀኑ ዓርብ ነው፤ ሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች የሚያርፉት ያን ቀን ስለሆነ። ፋይሰል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚነገረው ለእትዬ ዘነበች ነበር። ሞሃንዲሲን አንድ ቤተሰብ ዘንድ ምግብ ታበስላለች፤ የማርያም ማኅበራችንን የምትመራውም እሷ ናት። እሷ ብትሰማ በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ማለዳ፣ ታረዳው ነበር። ረቡዕ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የእናቱን ስም ለካህኑ ይሰጥ ነበር። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ማይክሮባስ መሳፈር ብቻ ነው።

አልሄድኩም። ምክንያት ነበረኝ። እሑድ ይበልጣል 6ኛ ኦክቶበር በሚባለው የካይሮ ዳርቻ ከተማ በሚገኝ አንድ የስደተኞች ረድኤት ቢሮ ቀጠሮ ነበረው፤ ቃሉን የሚሰጥበት፣ ወራት የጠበቀው ቀጠሮ ነው። ሐዘን የተቀመጠ ሰው ቃሉን አሟልቶ አይሰጥም ብዬ አሰብኩ። ይህ እውነት ነው፤ እውነቱ ሁሉ ግን ይህ አይደለም። ከተማው በሱቁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው በዚያው ዓርብ ነበር፤ ጽሑፌ ደግሞ መጨረሻ አልነበረውም። ጠዋት የተረዳ ሰው ከሰዓት በኋላ ሥራው አጠገብ ቆሞ ፎቶ አይነሳም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሰው ሞልቶት ነበር። ሃኒ ሻይ አዞረ። ይበልጣል የእኔን ሸሚዝ ተኩሶ ለብሷል። አንድ ወጣት ሦስቱን ክብ ግንቦች ትኩር ብሎ አይቶ ይህ ሐሳብ ከየት መጣልህ ብሎ ጠየቀው። ይበልጣል፣ «ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ምሥጢር ነው» ሲል ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋዜጠኛው፣ አንድ አንሳኝ እስቲ። ቤቷ እንድትታይ አድርገህ። ለእማ ነው፤ ከጠበል ስትመለስ አቶ ሞላ ያሳዩዋታል።»

ሦስት ጊዜ አነሳሁት። በሁለተኛው ላይ ይስቃል። ከጽሑፉ ጋር የወጣው ሁለተኛው ነው።

እሑድ ሁለት ማይክሮባስ ቀያይረን በበረሃው መንገድ 6ኛ ኦክቶበር ደረስን። ቃሉን የምትቀበለው ሠራተኛ አልመጣችም። ዘበኛው ማሌሽ ብሎ ሌላ ቀጠሮ የተጻፈበት ወረቀት ሰጠው። ይበልጣል አልከፋውም፤ ስንመለስ ኮሸሪ የሚሉትን የሩዝና የምስር ምግብ ጋበዘኝ፤ ስለ ስድስተኛው ከተማ ሲያወራልኝ ነበር። ሰኞ አልነገርኩትም፤ ማክሰኞም አልነገርኩትም። ረቡዕ እሱ ቢሮ ሲያጸዳ ዋለ፤ እኔ ጽሑፌን ላክሁ።

ሐሙስ ማታ ለእትዬ ዘነበች ነገርኳት። መቼ እንደሰማሁ ጠየቀችኝ፤ የማክሰኞውን ቀን ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረች።

«አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «ይኼን ይዘህ እንዴት አብረኸው በላህ?»

ዓርብ ማለዳ አሥራ አንድ ሰው ይዛ መጣች። ይበልጣል ሻይ ጥዶ ነበር፤ ጸጉሩ ላይ የፎም ብናኝ አለ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ሲገቡ አየና፣ ማንም ሳይናገር፣ ምድጃውን አጠፋ። የሆነውን ሁሉ መጻፍ አልፈልግም። ከተማው ወደ ሱቁ ስለተወሰደ ክፍሉ ሰፊ ሆኖ ነበር፤ ለሐዘንተኞች በቃ።

ሰኞ ዕለት አቶ ሞላ ጋ ደወለ፤ በእኔ ስልክ ሳይሆን በእትዬ ዘነበች። ብዙ አወሩ። ሲጨርስ ወደ እኔ መጥቶ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ፎቶውን ስታነሳኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ረቡዕ አርባዋ እንደሆነስ?»

«እሱንም።»

ጽሑፉ ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ወጥቷል አልኩት።

«ኸላስ፣ በቃ» አለ።

ልብሱን በአንድ ሻንጣ ከትቶ ወጣ። የት እንደሚሄድ አልነገረኝም፤ እኔም ደረጃውን አልተከተልኩትም።

ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ እርማት አልወጣበትም። ስሞቹ፣ መንገዱ፣ የግንቦቹ ቁጥር፣ ሁሉም ልክ ናቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሞት ዘግቤአለሁ። የሟች ስም ከመጻፌ በፊት ቤተሰብ ሰምቷል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ አብረውኝ የሚሠሩ ወጣቶች ትምህርት ቤት የተማርኩት ደንብ ይመስላቸዋል። ለብዙ ዓመታት ያዘገየሁበት አሥር ቀን ብቻ ነው እያልኩ ራሴን አጽናንቻለሁ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ነገር ግን የአርባ ጸሎት በአርባ ሁለተኛው ቀን አይደርስም፤ ይህን ያኔም አውቅ ነበር፤ ቀኑን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ከተማውን በመስኮቱ ባየሁ ማግስት፣ ረቡዕ፣ ፋይሰል ሄጄ እትዬ ዘነበችን አገኘኋት። ሥራ አቁማለች፤ ጉልበቷን ያማታል። ይበልጣል አውስትራሊያ እንደሚኖር፣ የሕንፃ ንድፍ እንደሚሠራ፣ ሁለት ልጆች እንዳሉት ነገረችኝ። ብደውልለት ያነሳልኝ እንደሆነ እንድትጠይቅልኝ ለመንኳት።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10 ላይ፣ መልሳ ደወለችልኝ። ጠይቃዋለች። «አሁን አይደለም» ብሏል።