የአስማረ ኮርቻ

ሰዉ አድማሴን ሥልጣን ይወዳል ይለዋል። ከኮሶበር ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ሃያ አንድ ዓመት ሊቀመንበር ሆኖ ተቀምጧል። ወረዳው የተሻለ ወንበር ሊሰጠው ሁለት ጊዜ ጠርቶት ሁለቱንም ጊዜ እምቢ ብሏል። የያዘው ግን ሥልጣኑ አልነበረም። ከወንበሩ ጎን ባለው የብረት ካቢኔ፣ በታችኛው መሳቢያ አንድ ፖስታ አለ። የመሳቢያውን ቁልፍ ለማንም መስጠት አልቻለም።

ቀድሞ ወታደር ነበር። በ1991 ከጎረቤቱ ልጅ ከአስማረ ጋር ዘምቶ አንድ ምሽግ ውስጥ ከረሙ። ውሃ በተራ ነበር የሚቀዳው፤ ከምሽጉ ጀርባ ካለው ወንዝ፣ በቢጫ ጀሪካን። አንድ ቀን ተራው የአድማሴ ሆኖ ወባ ያንቀጠቅጠው ነበር። አስማረ፣ አንተ እንደሁ መንገድ ላይ ትደፋዋለህ ብሎ ቀልዶበት፣ ሁለቱን ጀሪካን አንስቶ ሄደ። ሲመለስ መድፍ ወደቀበት። አድማሴ ከምሽጉ አፍ ሆኖ አየው። ከአስማረ የተረፈው በአንድ ሸራ ተጠቀለለ። አንደኛው ጀሪካን ግን አልተበሳም ነበር። ጠምቷቸው ስለነበር ውሃውን ጠጡት፤ አድማሴም ጠጣ።

ከዘመቻው ሲመለስ መንደሩ ጫፍ ላይ መጀመሪያ ያገኘችው የአስማረ እናት እታለማሁ ናት። ልጄን የት ጥለኸው መጣህ አለችው፣ በአዊኛ። ሌላ ክፍለ ጦር ተመድቦ ተለያየን አላት። አፉ ላይ የመጣለትን ነው የተናገረው፤ ነገ አስተካክለዋለሁ ብሎ ነበር።

ሊቀመንበር በሆነ በዓመቱ ሰባት የመርዶ ደብዳቤዎች መጡለት። በአገሩ ወግ መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተይዞ ነው የሚነገረው። ስድስቱን እንዲያ አድርጎ አደረሰ። ሰባተኛው የአስማረ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ በኋላ ውሃ ማስቆፈር ሥራው ሆነ። በቀበሌው አራት ምንጭ አስጎለበተ፤ የመጀመሪያው ከእታለማሁ ደጅ ሥር ያለው ነው። ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ሲጋጭ ከሰማ መንገድ ይቀይራል። እሷ ግን ባገኘችው ቁጥር እጇን ዘርግታ ትመርቀዋለች። የልጇ ፈረስ ካረጀ በኋላ የውርንጭላውን ውርንጭላ አሳድጋለች፤ ዳማ ነው። በጥር ወር የፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ለጎረቤት ልጅ ታውሰዋለች፣ በሌላ ኮርቻ። የአስማረን ኮርቻ በየዓመቱ ቅቤ ቀብታ መልሳ ትሰቅለዋለች። ማንም አልተቀመጠበትም።

ባለፈው ኅዳር አድማሴ ጡረታ ተባለ። አዲሷ ሊቀመንበር ፍቅርአዲስ ልትረከብ መጣች። ካቢኔው መሳቢያ በመሳቢያ ተቆጠረ። ታችኛው ላይ ሲደርሱ ቁልፉን ራሱ አውጥቶ ሰጣት። ፖስታውን አገላብጣ ስሙን አነበበች፣ ማኅተሙን አየች፤ ቀኑን ሁለት ጊዜ አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእማማ እታለማሁ ልጅ ነው።»

አድማሴ መሳቢያውን ገፍቶ ዘጋው።

«እኔ ላድርሰው ወይስ እርስዎ?»

«እኔ» አለ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አንድ ቄስና ይኸነው የሚባል የዕድሩን ሽማግሌ ይዞ ሄደ። እታለማሁ በሩን ከፍታ ሦስት ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ቆሞ ስታይ ደፉ ላይ ተቀመጠች። በስድስት ቤት ደጅ እንዲህ ሲቆሙ አይታለች።

ቄሱ ሊጀምር ሲል አድማሴ ቀደመው። ሁሉንም በአዊኛ ነገራት። የውሃው ተራ የእሱ እንደነበር ሲናገር ይኸነው ጋቢውን ጎተተው፤ እንዲህ ያለ ነገር በመርዶ አይነገርም። አላቆመም። ጠጣን አለ።

እታለማሁ አላለቀሰችም።

«ወረቀቱ መቼ መጣ?»

«በዘጠና አምስት፣ እማማ።»

«ምንጩ ሳይቆፈር?»

«ሳይቆፈር።»

ወደ ውስጥ ገብታ ኮርቻውን አውርዳ አድማሴ ደረት ላይ አስደገፈችው። ለዘንድሮው የቀባችው ቅቤ ገና አልደረቀም ነበር፤ ጋቢውን ነካው።

«ፈረሱን የምትስበው አንተ ነህ» አለች።

በፈረሰኛ ለቅሶ ፈረሱ የሟቹ ኮርቻ ተጭኖበት፣ ልብሱ ከላዩ ተዘርግቶ፣ ሰው ሳይቀመጥበት በለቀስተኛው ዙሪያ ይሳባል። ሦስት ጊዜ ነው ወጉ። ከዚያ ኮርቻው ይወርዳል።

ረፋዱ ላይ ሜዳው ሞላ። ነገሩ ከአፍ አፍ ደርሷል፤ ለአድማሴ ሰላምታ የሰጠው የለም። ልጓሙን ይዞ መዞር ጀመረ። ዳማው አላወቀውም፣ በየእርምጃው አንገቱን ይነጥቀዋል። ከምንጩ በኩል ውሃ የሚቀዱ ሰዎች ጀሪካን ይጋጫል። አድማሴ ዞር ብሎ ኮርቻውን አየ። ጥቂት ሄዶ ደግሞ አየ።

ሦስተኛውን ዙር ሲጨርስ ይኸነው የኮርቻውን ማሰሪያ ሊፈታ ቀረበ።

እታለማሁ ከለቀስተኛው መሐል እጇን አነሳች።

«ተወው፣ ኮርቻው አይውረድ። ይዙር።»

ይኸነው ወደኋላ ተመለሰ። አድማሴ ልጓሙን ጠቅልሎ ያዘና አራተኛውን ጀመረ።